ወፍሮ የሄደው ወንድሜ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የጅቡቲ መንገደኛን ከአረማመዱ ይለያል። ሲሄድ ቀጭን ነው፤ ሲመለስ ወፍራም። የሰፈራችን ነጋዴ ሴቶች ሽቲ የምንላትን ስስ ቀሚስ ብቻ ጣል አድርገው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደራርበው፣ ከሥር ሱሪ ከላይ ሹራብ ጨምረው፣ ላብ እያጠመቃቸው እየተንገዳገዱ ከባቡር ይወርዳሉ። የተለበሰ ልብስ አይቀረጥማ! ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ሴቶቹም እንደሚታወቅባቸው ያውቃሉ፤ ይሰዳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ልጆች ሆነን ይህንኑ እንጫወተው ነበር፤ አንዷ የእናቷን ልብስ ደራርባ ትመጣለች፣ ሌላዋ ፊናንስ ሆና ቆንጠጥ እያደረገች ትቆጥርባታለች።

ወደ ጅቡቲ ወፍሮ የሚሄድ ሰው ግን የለም። ካለ የማይመለስ ሰው ነው። ለሁለት ቀን ዘመድ ጥየቃ ነው የምሄደው ያለ ሰው ሻንጣ ቢይዝ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ ያለውን ልብስ ሁሉ ገላው ላይ ይጭናል። ይህን ለማወቅ ድሬ መወለድ ይበቃል። ክፋቱ፣ ድንበሩ ላይ ደወሌ ኬላ የሚቆሙት ፊናንሶችም አብዛኞቹ ድሬ የኖሩ መሆናቸው ነው።

ወንድሜ ወፍሮ ሄደ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነበር፤ እኛ ግን ሊወድቅ መሆኑን አናውቅም፤ ለዘላለም የሚኖር ነበር የሚመስለን። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጨርስ ነው። አብረውት ኳስ የሚጫወቱት ልጆች አንድ በአንድ እየታፈሱ ሁርሶ ማሠልጠኛ ይጫኑ ጀመር። ከሁርሶ ወደ ሰሜን ጦርነት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወሬያቸው ይጠፋል። ከኛ ግቢ ወረድ ብሎ ያለች አንዲት እናት ልጇ ከተወሰደ ጀምሮ በሯ ላይ አንዲት ትንሽ ዱካ አውጥታ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። ሰላም ስላት እንኳ ፊቷን አታዞርም። እሷን ባየሁ ቁጥር በዚያች ዱካ ላይ አባቴ ተቀምጦ ይታየኛል። እናታችን ሞታለች፤ ለአባቴ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ፤ ክፍል ሙሉ ልጅ በዓይኔ ጸጥ አሰኛለሁ፤ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ ግን ከፊቴ ካለው ሰው ጀርባ እሸጎጣለሁ። ያሰብኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ይነበባል። ቁጡም ነኝ፤ ስፈራ እቆጣለሁ፣ ሰው ደግሞ ደፋር እመስለዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ነን። አባቴ አንድ ቀን ከውጭ ገባና፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሙ መታመሙን ነገረን።

"ሄዳችሁ ጠይቃችሁልኝ ትመለሳላችሁ" አለ።

የይለፍ ወረቀት ልናወጣ ሦስታችንም ቀበሌ ሄድን። ይለፍ የሚሰጠው ዋስ ላቆመ ነው፤ ዋሳችን አባቴ ራሱ ሆነ። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ ሲለካው አየሁ። ለወታደር የሚበቃ ቁመት ነው የሚለካው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

"ልጆቹ ባይመለሱ እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ" አለው አባቴን። "ጡረተኛ ነኝ፣ አርጅቻለሁ ብትል የሚሰማህ የለም።"

"ገብቶኛል" አለ አባቴና ፈረመ። ዕድሜውን በባቡር ጥገና የጨረሰ ሰው ነው፤ እጁ ሲፈርም አይንቀጠቀጥም። 

አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር። የባቡር ሠራተኛ ልጆች ነን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የትም ብንሄድ በባቡር ነው። አባቴ ግን በመኪና ትሄዳላችሁ አለ። ሽንኩርትና ድንች ወደ ጅቡቲ የሚያመላልስ ሶማሌ ጎረቤት ነበረን፤ አዴር እንለዋለን፤ በነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። የአባቴ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ነው፤ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አለው፤ በሩ በገመድ ይታሰራል። ለምን በሱ እንደምንሄድ ስጠይቀው አባቴ ወደ ወንድሜ እያየ መለሰልኝ፦

"በባቡር መስኮት አውሬ አይታይም። ይሄ ልጅ አውሬ ይወዳል፤ ይይ።"

እውነቱን ነው። ወንድሜ እንስሳ ካየ ምግብ ይረሳል። ደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ሲሆን ዳር ዳሩን እየሄደ ወፍ ሲያይ ይውላል፤ ዝንጀሮዎች ከተራራው የሚወርዱበትን ሰዓት ያውቃል። ልጆች ሳለን አባቴ፣ ጅቡቲ ባሕር ውስጥ ከውሃ ወጥቶ አየር ላይ የሚገለባበጥ፣ ፊቱ የሚስቅ የሚመስል እንስሳ በወጣትነቱ ማየቱን ይነግረን ነበር። እኔ አላምነውም። ወንድሜ ግን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አግኝቶ እያሳየ "ዶልፊን ነው፣ እትዬ፣ አባዬ አልዋሸም" ይለኝ ነበር።

የሄድን ዕለት ገና ሊነጋ ሲል አባቴ በር ላይ ቆሞ ፎጣ በወንድሜ አንገት ላይ ጠመጠመለት። እስከ አገጩ ድረስ አጥብቆ ነው የጠመጠመው።

"አቧራው መጥፎ ነው። ኬላውን ሳታልፍ እንዳታወልቀው" አለው።

ወንድሜ እሺ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ለሁለት ቀን መንገድ ጉልበት መሳም ምንድነው ብዬ ልስቅ ነበር። አባቴ እኔን ግንባሬን ሳመኝና ከልጅነቴ ጀምሮ እንደሚያደርገው ጉንጬን መታ መታ አደረገኝ። መኪናው ሲነሣ ዞር ብዬ ሳይ ገብቷል። በር ላይ ቆሞ እጁን አላወዛወዘም። ይህም ገረመኝ።

ከሽኒሌ በኋላ መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ሐዲዱን ተከትሎ ጠጠርና አሸዋ ላይ መንደፋደፍ ነው። ሦስታችን ፊት ተጨናንቀናል፣ እኔ መሐል። ከኋላ ሽንኩርቱ ይሸታል። አዴር እየነዳ ይቀልዳል፤ እኔን ቲቸር ነው የሚለኝ።

"ቲቸር፣ ዛሬ ፊትሽን ፍቺዋ! ተማሪ የለም እዚህ።"

"ወንበሩ እየወጋኝ ነው፣ አዴር።"

"ዋላሂ እሱ ወንበር አይደለም፣ ሞላው ብቻ ነው የቀረው።"

ፀሐዩ ከፍ ሲል ግራር ሥር አንድ እንስሳ በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ አንገቱን እንደ መቃ አስረዝሞ ቅጠል ሲለቅም አየን። ወንድሜ ጮኸ። አዴር ፍሬን ያዘ።

"ወረያ አንተ፣ ቀስ! ትበረግጋለች" አለ በሹክሹክታ። "ገረኑግ ናት፣ አንገተ ረጅሟ ሚዳቋ። ውሃ አትጠጣም፤ ከቅጠሉ ይበቃታል።"

ወንድሜ በመስኮቱ ተንጠልጥሎ አፉን ከፍቶ ያያል። እኔ የማየው እሱን ነው፤ ሲደሰት ማየት ደስ ይለኛል። በዚያ መሐል ሙቀቱ አሸነፈውና ፎጣውን ላላ አደረገው። ከፎጣው ሥር የሸሚዝ ኮሌታ አየሁ። ከሱ ሥር ሌላ ኮሌታ። ከዚያ ሥር ሌላ።

ሦስት ኮሌታ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ ቆጠርኩ፣ ልጅ ሆነን እንደምንቆጥረው። ከዚያ ገባኝ። ዓይኔን ወደ ታች ባወርድ ሱሪውም ሁለት ነው፤ የሥረኛው ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ብቅ ብሏል።  ገረኑጓ አንገቷን አዙራ አየችንና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች፤ አዴር ማርሽ አስገባ፤ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አጣብቄ ስለ አባቴ ብቻ አሰብኩ። የፈረመበት እጁ ታየኝ። "የምትገባው አንተ ነህ" የሚለው ድምፅ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ይሰማኝ ጀመር።

መናገር አልቻልኩም፤ አዴር አጠገቤ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ሳምቡሳ እየገዛ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ዘመን ማን ማንን ያምናል? አብረን የተማርን አንዲት ልጅ በገዛ የክርስትና አባቷ ጥቆማ ተወስዳለች። ስለዚህ የወንድሜን ክንድ ቆነጠጥኩት። ልብሱ ወፍራም ስለነበር አልተሰማውም። ያን ጊዜ በሳቅና በእንባ መሐል ሆንኩ፤ እንባው አሸነፈ፤ አቧራ ገባብኝ ብዬ በነጠላዬ ጠረግኩት።

አይሻ ስንደርስ አዴር ውሃ ሊሞላና ሊሰግድ ወረደ። ወንድሜን ከመኪናው ኋላ ጎትቼ ወሰድኩት።

"አውልቅ!" አልኩት። "አሁኑኑ አውልቅና ሽንኩርቱ ሥር ክተተው።"

"እትዬ ..."

"እትዬ አትበለኝ! አባዬን ልታሳስረው ነው? እነዚያ ሰዎች እኮ ይገድሉታል!"

 ላቡ ከግንባሩ እየወረደ በቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል። መሬት መሬቱን ያያል።

"አባዬ ያውቃል?"

"አትጠይቂኝ።"

"እየጠየቅኩህ ነው!"

"አትጠይቂኝ፣ በእናታችን ሞት። የማታውቂውን አታወጪም።"

ልመታው እጄን አነሣሁ። ከኔ አንድ ክንድ ይረዝማል፤ ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀኝ፣ ልጅ ሆኖ እንደሚያደርገው። እጄ አየር ላይ ቀረ። አባዬን ሳያማክር የሸሸ መስሎኝ ነበር፤ ጨካኝ ነው ብዬም አሰብኩ፤ እንዲህ አድርጌ ጠልቼው አላውቅም። እንዲህ አድርጌ ፈርቼለትም አላውቅም። ደወሌ ላይ ለፊናንሱ ብናገር ወንድሜ በዚያው ወደ ሁርሶ፣ ከሁርሶ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ዝም ብል አባቴ ይታሰራል። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። አዴር ፊቱን እየታጠበ ከሩቅ ያየናል፤ አልተጣራም፤ ጥርሱን እየፋቀ ጠበቀን።

ከአይሻ እስከ ደወሌ ያለው መንገድ ላይ ሰጎኖች አይተናል። ወንድሜ ጫጩቶቿን አስከትላ የምትሮጥ አንዲት እናት በጣቱ አሳየኝ፤ ቁጣዬን የረሳሁ መስሎት ይሆናል። ቀና ብዬ አላየሁም። በልቤ የጀመርኩትን አቡነ ዘበሰማያት እየተደናቀፍኩ እንደገና እጀምራለሁ።

ደወሌ ቀትር ካለፈ በኋላ ደረስን። ድንጋዩ ሁሉ ይፋጃል። ኬላው ላይ የታሰረ ገመድ፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ዳሱ ሥር ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ ያጋደሙ ሁለት ወታደሮች አሉ። አንድ ፊናንስ ወረቀታችንን ወሰደና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ ፈጣን ነው፤ አነጋገሩ የድሬ ነው።

"ውረዱ እስቲ" አለን።

ወረድን። ወንድሜ ፎጣውን አጥብቋል። ፊናንሱ ዙሪያውን ዞረው። ከዚያ ነጋዴ ሴቶችን እንደሚፈትሹት በሁለት ጣቱ የክንዱን ልብስ ቆነጠጠና አሸት አደረገው። ጣቶቹ ላይ ዓይኔን ተክያለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እየቆጠረ መሆኑን አወቅኩ።

"አቦ፣ ምነው ወፈርክ?" አለው። እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። "መንገድ ተሳሳትክ እንዴ? በዚህ በኩል ሲኬድ እኮ ነው የሚከሳው።"

ከወታደሮቹ አንዱ ተነሣ። ወንድሜ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ ሙቀት ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማል። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ፍርሃቴ ሁሉ እንደ ልማዴ ወደ ቁጣ ተለወጠ።

"አንተ ልጅ!" ብዬ ጮህኩበት ወንድሜ ላይ። "ቤት ተኛ አላልኩህም? እያተኮሰህ ነው የምሄደው ብለህ አሁን ሰው ፊት ታዋርደኛለህ?" ወደ ፊናንሱ ዞርኩ። "ወባ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለዋል። ያለውን ልብስ ሁሉ አልብሼ እንኳ አልሞቀውም። ይኸው ይንቀጠቀጣል፣ ነካ አድርገው!"

ፊናንሱ አልነካውም። ወደ ፊቴ አየ፤ እኔም አየሁት። ክፍል ውስጥ ልጆቹን እንደማይ ነው ያየሁት፤ ሌላ አስተያየት አልነበረኝም። ወባ ድሬ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁሉም ቤት አለ። አዴር ከመኪናው ራሱን አወጣና በድካም ድምፅ "በሽተኛ ልጅ ለኔ ጣሉብኝ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሰው ነበር" አለ። አላስመለሰውም። ያን ጊዜ ነው አዴርም ማወቁን የተረዳሁት።

ፊናንሱ ወረቀቱን መለሰልኝ።

"ሲመለስ እንዲህ ወፍሮ ካገኘሁት አልለቀውም" አለ።

ገመዱ ወረደ። መኪናው ተነሣ።  እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሜን አሳለፍኩት፤ አባቴስ? አፌ በራሱ ጊዜ ለአንዱ ፈርዶ በአንዱ ላይ ፈርዷል፤ እኔ መርጬ አልነበረም።

ከዓሊ ሳቢህ ከተማ በኋላ ባራ የሚሉት ነጭ ሜዳ አለ። ዳር የለውም፤ ሣር የለውም፤ ልሙጥ ነው። ሚዳቋዎች በሩቅ በሙቀቱ ውስጥ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ፤ እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን ከፍቼ አየው ነበር። ያን ዕለት ግን ያ ሜዳ አስፈራኝ። መደበቂያ የሌለበት ቦታ ነው። እዚህ ወንድሜ ብቻውን ሲሄድ ይታየኛል፤ የሚጠይቀው አጥቶ፣ የሚያውቀው አጥቶ። ጅቡቲዎችም የኛን ሰው እየያዙ በባቡር የሚመልሱበት ጊዜ እንዳለ ይወራ ነበር። ከተመለሰ ደግሞ ሁርሶ አይደለም የሚጠብቀው።

ከተራራው ጥግ ዞር ስንል ባሕሩ ታየ። ሰማያዊ ይሉታል እንጂ የሚወራውን ዓይነት ሰማያዊ አይደለም፤ ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ መሐሉ ወደ ጥቁር ይጠጋል። ከማዶ የጠቆረ ተራራ አለ። አንዲት ዛፍ የለችበትም። አዴር ከተማ ሳንገባ ወደ ውሃው ታጠፈና አሸዋ ላይ አቆመ።

"አባታችሁ አደራ ብሎኛል" አለ። "ባሕሩን ሳያይ ከተማ እንዳታስገባው ብሎኛል።"

ውሃው ዳር ላይ ረጃጅም እግር ያላቸው ሮዝ ወፎች ተደርድረው አንገታቸውን ጭቃው ውስጥ ነክረዋል። ወንድሜ ፍላሚንጎ ናቸው አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል። ትናንሽ ሸርጣኖች ከእግራችን ፊት እየሮጡ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባሉ። ውሃው ሄድ መለስ ይላል። ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ሳያቋርጥ እንደሚተነፍስ ማንም አልነገረኝም። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ወንድሜ ፎጣውን አወለቀ። ከዚያ አሸዋው ላይ ቆሞ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ካኪው። ከሱ ሥር እኔ ለገና የገዛሁለት ባለ መስመር ሸሚዝ። እያንዳንዱን እያጠፈ አሸዋው ላይ ያስቀምጣል፤ እናታችን እንዳስተማረችን እጅጌውን ወደ ውስጥ አድርጎ። ልናገረው ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እንመለስ ልለው ነው፤ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው ነው። መለመን ካልሰራ ልጎትተው ነው።

ከሁሉ ሥር ያለውን ሸሚዝ አየሁና ቃሌ ጠፋ።

የአባቴ ነው። ነጩ ሸሚዙ። በዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰው፣ ኮሌታው ሲያልቅበት እናቴ ፈትታ ገልብጣ የሰፋችው፤ ክሩ ልክ ስላልመጣላት ትንሽ ቢጫ ያለበት። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ እንኳን ለሰው ሊያውሰው ለኔም እንዳጥበው አይሰጠኝም ነበር፤ ራሱ ያጥበዋል። ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነው የሚውለው፣ ተኝቶም አያወልቀውም። ከአባቴ እጅ በቀር ያ ሸሚዝ ከሳጥኑ ሊወጣ አይችልም።

ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ተመለሰልኝ። ባቡሩን ትቶ የሚያምነውን ሰው መኪና መምረጡ፣ ፎጣው፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መፈረሙ። በር ላይ ቆሞ እጁን አለማወዛወዙ።

"ራሱ ነው ያለበሰህ?" አልኩት።

ወንድሜ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እያለቀሰ ነው።

"ከውስጥ አድርገው አለኝ። ገላህን ይንካው አለኝ።"

"አጎታችንስ? ታሟል የተባለው?"

"ደህና ነው። ከተማ ገብተን ይወስደኛል።"

"ለኔ ለምን አልነገረኝም?" ጩኸቴ ወፎቹን አስነሣቸው፤ ሁሉም ባንዴ ተነሥተው ሮዝ ክንፋቸውን እያራገቡ ከውሃው በላይ ዞሩ። "እኔ ምኑ ነኝ? የጎረቤት ልጅ ነኝ?"

"ፊትሽ ላይ ይነበባል አለ፣ እትዬ። ስትመለሺ ሲጠይቁሽ በእውነት ሳታውቂ እንድትምዪ ነው። እሷን እንዳይነኳት ነው አለ።"

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም፤ አባቴን እንደሰደብኩት ግን አስታውሳለሁ፤ በሕይወቴ ሰድቤው የማላውቀውን አባቴን። አዴር መጥቶ ውሃ አጠጣኝ።

"ቲቸር፣ ተነሺ። እዪ" አለኝ፣ በጣቱ ወደ መሐል እያሳየ።

ውሃው ተሰነጠቀና አንድ ጥቁር ጀርባ ወጣ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ አንዱ ሙሉ በሙሉ ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ተገለበጠና ተመልሶ ገባ። ወንድሜ በአባቴ ሸሚዝ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም። አፉን በመዳፉ ይዞ ብቻ ያያል። አባዬ አልዋሸም ነበር። እያየሁ ፈራሁ፤ ይህን የሚያህል ደስታ በዚያ ቀን ማየት ራሱ አስፈራኝ።

የከተማውን አልዘረዝርም። አጎታችን ደህና ነበር፤ ወንድሜን ይዞት ገባ። ስንለያይ ወንድሜ አንገቴን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ፤ ቆይቼ ቢሆን ኖሮ እኔም አልመለስም ነበር። እኔም ብቀር ደግሞ አባቴን በር ላይ የሚያገኘው ሰው የለም።

ስንመለስ ደወሌ ላይ ያው ፊናንስ ነበር። ወንድሜ የት እንዳለ ሲጠይቀኝ ወባው ጠንቶበት ሐኪም ቤት ተኛ አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። እያወቀ እንደሆነ አወቅኩ።

"ዋሱ ማነው?" አለ።

"አባታችን።"

ወረቀቱን ሰጠኝና ራሱን ወዘወዘ። ሌላ አልጠየቀም። ያ ራስ መወዝወዝ ከስድብ በላይ አስፈራኝ፤ ከዚያ እስከ ድሬ ድረስ አዴር አንዴም አልቀለደም።

ድሬዳዋ የደረስነው ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ በር ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት ነው። መንገድ ላይ ውሻ እንኳ የለም። የግቢያችንን በር ከፍቼ ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ዱካ አውጥቶ ተቀምጧል። ልጇ በተወሰደባት ሴት ቦታ ሲታየኝ እንደነበረው ነው የተቀመጠው። ግን ወፍሯል።

ሹራብ ለብሷል። በሹራቡ ላይ የባቡር ሥራ ኮቱን ደርቧል። ሁለት ሱሪ አድርጓል፣ እግሩ ላይ የሱፍ ካልሲ። ላቡ ከጺሙ ጫፍ ይንጠባጠባል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ እስር ቤት ሲወስዱ ልብስ ያዝ አይሉም፤ የሚያድሩበት ሲሚንቶ ነው፤ ሰው የለበሰውን ይዞ ነው የሚገባው። የምንመለስበትን ቀን ያውቃል፤ ለዚያ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀኝ።

ብቻዬን መግባቴን አየ። ፊቱ አልተለወጠም። ዓይኑ ብቻ ቀላ።

"አየው?" አለኝ።

"አየው፣ አባዬ። ከውሃው ወጥቶ ተገለበጠለት።"

"ጎሽ" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ጎሽ" አለ እንደገና።

ልቆጣው ነበር የመጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነው የመጣሁት። ቦርሳዬን ጥዬ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ።

"ሹራቡን ላውልቅልህ፣ አባዬ። ትሞታለህ በዚህ ሙቀት።"

"ተይው፤ ሲመጡ ጊዜ አይሰጡም" አለኝ።

ማራገቢያውን አነሣሁና አራገብኩለት። ያን ቀን አልመጡም። የመጡት በማግስቱ ከሰዓት ነው፤ እስከዚያ ሹራቡን አላወለቀም፤ እኔም ማራገቢያውን አላስቀመጥኩም።